የፖስተኛው ግራ ቅንድብ

ጥርስ ሠሪው እህቱን ሊጠይቅ በሄደ ቁጥር ቧንቧ ይፈትሻል። የቧንቧ ሙያ ኖሮት አይደለም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሲሠራ የኖረው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እህቱ እታለም በምትኖርበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ሲገባ አየችውና «መጡ? ያው እዚያ ጋ ነው የሚያንጠባጥበው» ብላ የእጅ መታጠቢያውን አሳየችው። እሱም «ኧረ እኔ ነኝ» ለማለት አፉ አልታዘዝ ብሎት ጎንበስ አለ። ቧንቧውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ «አሁን ደህና ነው» አለ። በዚያው ቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እህቱ «እርስዎ» እያለች ታመሰግነዋለች፣ እሱም ላልሠራው ሥራ ምስጋና ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ትድናለች ብሎ አያስብም። ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቁርጡን ነግሮታል። «የሄደው አይመለስም፤ ያለው ቶሎ እንዳይሄድ ነው የምንጥረው» ብሎታል። ጥርስ ሠሪው የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ «ድንቡሼ» ብላ እንድትጠራው። እሱም «አቤት እታለም» ብሎ እንዲመልስ። ከዚያ በኋላ ብትፈልግ ዕድሜዋን ሙሉ ቧንቧ ታሠራው።

ድንቡሼ የተባለው ጉንጩ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሕፃን ሳለ ነው። ዛሬ ሱሪው ወገቡ ላይ የሚቆየው በቀበቶ ልመና ስለሆነ ስሙን የሰማ ሁሉ ይስቅበት ነበር። ግን የሚሰማ የለም። በዚያ ስም የምትጠራው በዓለም ላይ አንዲት ሰው ናት፣ እሷም ረስታዋለች።

እናታቸው ስትሞት እሱ የሦስት ዓመት ልጅ፣ እታለም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ነበሩ። አባት ከዚያ በፊት ጠፍቷል፤ የት ሄደ ብሎ መጠየቅም ቀርቷል። ልጅቷ በአንድ ቀን እናትም አባትም ሆነች። አንድ ጠዋት ጫማ ልታደርግለት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና ሁለተኛውን እግር ጫማ ፍለጋ ዞር ስትል ተንከባሎ ወደቀ። የአልጋው ብረት ግራ ቅንድቡን ለሁለት ከፈለው። አራት ቦታ ተሰፋ፣ ዳነ፣ ረሳው። እሷ ግን አልረሳችውም። ማታ ማታ ስታስተኛው በአውራ ጣቷ ያችን ጠባሳ እየደባበሰች ነበር እንቅልፍ የሚወስደው። አሥር ዓመት ሲሞላው «ትልቅ ሰው ሆኛለሁ» ብሎ እጇን ገፋው፣ እሷም ተወችው።

የምትሠራው የአሻንጉሊት ፋብሪካ ውስጥ ነበር፣ ቅንድብ ከሚሣልበት ጠረጴዛ። ሌላዋ ከንፈር ትቀባለች፣ ሌላዋ ጉንጭ፤ የእታለም ድርሻ ቅንድብ ነው። በቀን ሁለት መቶ ፊት በፊቷ ያልፋል፣ ሁለት መቶውም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ዘንበል ካለ ተቆጣጣሪው ወደ ቅርጫት ይወረውረዋል። ከሠራቻቸው ሁሉ የምትወደው «ትንሹ ፖስተኛ» የሚባለውን ነበር፦ ሰማያዊ ደንብ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ በትከሻው ላይ ሦስት ሚጢጢ ደብዳቤዎች የያዘች የቆዳ ቦርሳ። ገበያው ግን ፊቱን አዞረበት። ልጆች የሚያለቅስ አሻንጉሊት እንጂ ደብዳቤ የሚያድል አልፈለጉም። በሁለተኛው ዓመት ማምረቱ ቆመ፣ በመጨረሻዋም ቀን ሥራ አስኪያጁ ደግነት መጣበትና ሠዓሊዎቹ አንድ አንድ ፖስተኛ እንደፈለጉ ሥለው እንዲወስዱ ፈቀደ። እታለም የራሷን ይዛ መጥታ ከአልጋዋ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ጥርስ ሠሪው ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ አሻንጉሊት ቀርቶ እህቱንም አተኩሮ የሚያይበት ጊዜ አልነበረውም።

በዓመቱ አንዲት ልጅ ወደደ። ለሷ የሚሰጠው ነገር ቢያጣ ፖስተኛውን ከመደርደሪያው አንስቶ ሰጣት። እታለም ከሥራ ስትመለስ ባዶውን ቦታ አይታ «ፖስተኛው የት ሄደ?» አለችው።

«ለሰው ሰጠሁት።»

የመደርደሪያውን አቧራ በመዳፏ ጠርጋ «ደግ አደረግህ» አለች። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሳችበትም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ልጅቷም በስድስት ወሯ ሌላ አገባች።

ይኼ ሁሉ ተረስቶ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ግን እታለም መስኮቱ ስር ተቀምጣ ቀኝ እጇን አየር ላይ ታንቀሳቅስ ጀመር፤ ሁለት ጣቶቿ የሌለ ነገር ቆንጥጠው ይዘው ትንሽ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያ እረፍት።

«ሰሞኑን እንዲህ ናቸው» አለችው ሲስተር፣ የክፍሉ ነርስ። «ምን እየጻፉ ይሆን?»

«እየጻፈች አይደለም» አለ። «ቅንድብ እየሣለች ነው።»

እታለም ቀና ብላ አየችው። «ቧንቧው ደህና ነው» አለች በትሕትና። «ፖስተኛዬን ግን ወሰዱብኝ። የወሰደውን ሰው ያውቁታል?»

ጥርስ ሠሪው ደህና የሆነውን ቧንቧ ሊፈትሽ ጎንበስ አለና ብዙ ቆየ።

ፍለጋው እዚያው ላይ ተጀመረ። መጀመሪያ የሄደው አሮጌ አሻንጉሊት ከሚሰበስብ ሰው ዘንድ ነው፤ እንግዳ ሲጨብጥ እንኳ የጥጥ ጓንቱን የማያወልቅ ሰው። ማምረት የቆመውን ሞዴል ሰብሳቢዎች «ጡረታ የወጣ» ይሉታል፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው ክብር የሚያገኘው፣ እንደኛ አይደለም። ሰውዬው ትንሹን ፖስተኛ ከመስተዋት ጀርባ አሳየው። አዲስ፣ ንጹህ፣ ሁለቱ ቅንድቦቹ እንደ መንትያ የተመሳሰሉ። «አልሸጥም፣ አላውስም፣ አላስነካም» አለ ገና ሳይጠየቅ። ፎቶግራፉን ግን ሰጠው። ጥርስ ሠሪውም የሚፈልገው ይኼን እንዳልሆነ ወጥቶ መንገድ ላይ ገባው። መመለስ ያለበት ያው የወሰደው ነው።

የጥንቷን ልጅ ማግኘት የፈራውን ያህል አልከበደውም። መጋረጃ ሰፊ ሆናለች፤ ባሏ ሞቷል፣ ሱቋ ሙሉ ጨርቅ ነው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ለደቂቃ አየችውና «አንተ! ምነው እንዲህ ከሳህ?» አለችው፣ አርባ ስድስት ዓመት ያላለፈ ይመስል።

የመጣበትን ሲነግራት አልሳቀችም። መሰላል አቁማ ከመጋረጃ ዘንጎቹ ጀርባ አንድ ካርቶን አወረደች። ፖስተኛው ውስጡ በጀርባው ተኝቷል። አንድ እጁ ተገንጥሏል። ጸጉሩን አይጥ ለጎጆዋ ወስዳዋለች። ፊቱ ቢጫ ሆኖ ሲነኩት ይጣበቃል፣ አንድ ዓይኑ አልከፈት ብሏል፣ ቦርሳው ውስጥ ከሦስቱ ደብዳቤዎች አንዱ ብቻ ቀርቷል። ግራ ቅንድቡም መሀሉ ላይ ተቋርጧል።

«ስንት ጊዜ ልጥለው ብዬ ተውኩት» አለች። «አንተን ይመስለኝ ነበር።»

«እኔን? መቼ ነው ባርኔጣ ያደረግሁት?»

«ሂድ ወዲያ። ከፊቱ ላይ የሆነ ነገር ነው።»

ሽማግሌው ደነገጠ፤ የድሮ ፍቅር ቅሪት መስሎት ጆሮው ድረስ ቀላ። አመስግኖ ካርቶኑን ብብቱ ስር አድርጎ ወጣ። ወንድ ልጅ ስንት ዓመት ቢኖር ከዚህ ሞኝነት አይወጣም።

ሥራው ሦስት ሳምንት ወሰደ። ጡረታ ሲወጣ ጠረጴዛውንና መሣሪያዎቹን ወደ ጓዳ አስገብቷቸው ነበር፤ አቧራቸውን ጠረገና እንደ ጥንቱ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ተቀመጠ። ፊቱን በለስላሳ ሳሙናና በጥጥ ቀን በቀን እያጠበ ማጣበቁን አስለቀቀው። እጁን በጥርስ ሽቦ አሰረው። የተዘጋውን ዓይን በአንዲት ጠብታ ዘይት ከፈተው፤ ሲከፈት «እንደምን ዋልክ» ሊለው ምንም አልቀረው። ጸጉሩን በመርፌ አንድ አንድ እያለ ተከለ። ደንብ ልብሱን ለብ ባለ ውኃ ሲያጥበው ሰማያዊው እንዳለ ነበር። የጎደሉትን ሁለት ደብዳቤዎች ከነጭ ወረቀት ቆርጦ አጥፎ፣ ሙጫ ቀብቶ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። የፊቱ ቀለም ሲያስቸግረው ለሰው ሠራሽ ድድ የሚቀላቅለውን ሐምራዊ ቀለም አወጣ። እሱን ስስ አድርጎ ከስር ቀባ፣ በላዩ የቆዳውን መልክ ሲደርብበት ፊቱ ደም የተዘዋወረበት መሰለ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰብሳቢውም አይቶ አያውቅም።

የቀረው ቅንድቡ ነበር። ፎቶግራፉን ከመብራቱ ስር አቆመ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። የተቋረጠችው ቦታ የስንዴ ፍሬ እንኳ አታህልም። ነገር ግን ጠርዟ ንጹህ ነበር። ተፍቆ የሄደ ቀለም እንዲህ አይሆንም፤ ይሸራረፋል፣ ቅርፊት ያስቀራል። ይኼኛው ብሩሽ ሆን ብሎ የዘለለው ይመስላል። ጥርስ ሠሪው ይኼን አየ። አየና ብሩሹን እንደያዘ ትንሽ ቆመ።

ሙያ ግን ክፉ ጌታ ነው። ያስተማረው ሰው «ግራው ቀኙን ካልመሰለ አፍ አይገጥምም» እያለ በማስመሪያ ጣቱን ሲመታው ኖሯል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ግራን ከቀኝ ሲያመሳስል የኖረ እጅ ጎዶሎ አይቶ ማለፍ አይችልም። ፎቶግራፉም ሙሉ ቅንድብ ነው የሚያሳየው። በሦስት ቀጫጭን ሰረዝ ሞላው። ሲደርቅ ቫርኒሽ ደረበበት፣ በመብራት ሙቀት አጠነከረው፣ በጥፍሩ ሞከረው፤ ጭረት አልወጣውም። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

በማግሥቱ ከመሄዱ በፊት ጢሙን ሲላጭ መስተዋቱ ፊት «አቤት» ይል ነበር። ጮክ ብሎ ሞከረው፣ ዝግ ብሎ ሞከረው። ነጭና ጨብራራ ከሆነው ግራ ቅንድቡ ስር ያቺ ጠባሳ አለች፤ ስልሳ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ መስተዋት ውስጥ አብራው አድጋለች። ዓይን ለራሱ ባዳ ነው። አላያትም።

ከምሳ በኋላ ስለነበር የእታለም ፊት ፈታ ብሏል። «ቧንቧው ደህና ነው» አለችው። «በከንቱ ደከሙ።»

«ዛሬ ለቧንቧ አይደለም» አለና ካርቶኑን ከፍቶ ፖስተኛውን ጭኗ ላይ አስቀመጠው።

እጆቿ ከሷ ቀድመው አወቁት። ማንኪያ አልይዝ ያሉት ጣቶች ጭንቅላቱን ከኋላ ደግፈው፣ አገጩን ቀና አድርገው፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ጠረጴዛዋ ላይ እንደምታደርገው። ባርኔጣውን ነካች፣ ቦርሳውን ነካች። ፈገግ አለች። ሲስተር የበሩን ደፍ ተደግፋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። የጥርስ ሠሪው «አቤት» ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳለች።

የእታለም አውራ ጣት ወደ ግራው ቅንድብ ሄደ። አንዴ አለፈበት። ተመልሶ አለፈበት። ሦስተኛ ጊዜ ዝግ ብሎ፣ የጠፋበትን እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«ይኼ የኔ አይደለም» አለች። «የሰው ነው። ለባለቤቱ ይመልሱለት።»

«ያንቺው ነው፣ እታለም። ራሱ ነው።»

«የኔው እዚህች ጋ ጠባሳ አለው» አለች፣ ጣቷን ቅንድቡ ላይ እንዳደረገች። «ጫማውን ልፈልግ ዞር ብዬ ወድቆብኝ ነው። በኔ ጥፋት ነው። እንዳልረሳው ብዬ ነው የሣልኩት።»

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣበት፦ ንጹሁ ጠርዝ፣ የመጋረጃ ሰፊዋ «አንተን ይመስለኝ ነበር»፣ ከአልጋዋ በላይ የነበረው መደርደሪያ፣ «ደግ አደረግህ» ያለችበት ድምፅ። ለሴት ልጅ የሰጠው የራሱን ፊት ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በገዛ እጁ፣ በአጉሊ መነጽር ታግዞ ደፈነው። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው ለካ ቀልድ አይደለም።

ወንበሩ አጠገብ ተንበረከከ። ቅንድቡን በሁለት ጣቱ ገልጦ «እዪኝ» አላት፣ «ይኸውልሽ ጠባሳው። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ እታለም።» እጇን ይዞ አውራ ጣቷን እዚያው ላይ አደረገው።

ጣቷ ትንሽ ቆየ። ከሸበተው ጸጉር፣ ከተሸበሸበው ቆዳ መሀል ምን እንዳገኘ እንጃ። እታለም ግን አንገቷን ነቀነቀች፣ በርኅራኄ ነቀነቀች። «አይ ወንድሜ» አለችው፣ ለማያውቁት መንገደኛ እንደሚባለው። «እርስዎማ ትልቅ ሰው ነዎት። የኔው ገና ሕፃን ነው።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደህና ነበር። ካርቶኑን ዘግቶ፣ ቧንቧውን ፈትሾ ቢወጣ በሚቀጥለው ሳምንት «መጡ?» ትለው ነበር። ሰው ግን የቆጡን አወርድ ሲል የብብቱን ይጥላል። ጥርስ ሠሪው የፖስተኛው ዓይን ዳግም ቢጣበቅ ብሎ የያዘውን ትንሽ የብረት መፋቂያ ከኪሱ አወጣ። «ቆይ፣ አሁን ይወጣል» አለ፤ «አንዲት ደቂቃ።» ፖስተኛውን ከጭኗ አነሳና ቅንድቡን ይፍቅ ጀመር።

ቫርኒሹ እምቢ አለ፤ ጭረት እንዳያወጣው አድርጎ ያጠነከረው ራሱ ነው። ጫን አለ። መፋቂያው ድንገት ሸተት አለና ከቅንድቡ እስከ ጉንጩ ሰንጥቆት ወረደ። ከቆዳው መልክ ስር የድዱ ቀለም ወጣ፤ ሐምራዊ፣ እርጥብ የሚመስል፣ አዲስ ቁስል።

እታለም ጮኸች። ጥርስ ሠሪው እንዲህ ያለ ድምፅ ከሷ ሰምቶ አያውቅም፤ የአልጋው ብረት ላይ የወደቀ ቀን ሰምቶት ከሆነም ረስቶታል። ብድግ አለች፣ ስድስት ወር ያለ ድጋፍ ያልቆመች ሴት፣ ፖስተኛውን ከእጁ ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። በአውራ ጣቷ የተሰነጠቀውን ቅንድብ ሸፍና ከመስኮቱ ጥግ ገባች።

«አይዞህ ድንቡሼ» አለች። «አይዞህ ድንቡሼዬ፤ እኔ አለሁልህ። አሁን ይኼ ሰውዬ ይሄዳል።»

ሲስተር ክንዱን ይዛ አወጣችው። ልጅቷ ደግ ናት፤ መፋቂያውን ከእጁ ስትቀበል እንኳ ቀስ ብላ ነበር። «ለጥቂት ጊዜ ክፍሉ ባይገቡ ይሻላል፣ አባቴ» አለችው። «ይረሱታል።»

ሁሉን የረሳች ሴት ያንን አልረሳችም። በሳምንቱ ከበሩ ብቅ ሲል ገና ከሩቅ አየችውና ፖስተኛውን ብርድ ልብሷ ውስጥ ደበቀችው። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። ቧንቧው እውነት ማንጠባጠብ ጀምሮ ሌላ ሰው መጥቶ ሠራው። ጥርስ ሠሪው አሁንም በቀኑ ይመጣል፤ ኮሪደሩ ላይ፣ እሷ ከማታየው ወንበር ተቀምጦ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። በሩ ገርበብ ስለሚል ድምፅዋ ይሰማዋል። ፖስተኛውን እያስተኛች ነው፣ ጠባሳውን እየደባበሰች ነው፣ ደጋግማም ትጠራዋለች። «ድንቡሼ» ትላለች፣ ትንሽ ትጠብቅና እንደገና «ድንቡሼ»።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይኼን ሲለምን የኖረው ሰውዬ ደጅ ተቀምጦ ይሰማታል። እንዳትደነግጥበት ብሎ «አቤት» አይልም።